በወረቀቱ ላይ ያልነበረው ስም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ኮሌጁ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ከእንግዲህ የትም ለማይቸኩል ሰው ሰዓት መሸለም ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዲኑ ተነሥቶ «ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ወጣቶች ለስኬት ያበቁ እናታችን» ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ወደ ወንበሬ ስመለስ ግን «የትኞቹን?» የሚል ጥያቄ ያዘኝ። ጣቴን እያጠፍኩ ልቆጥር ሞከርኩ። አንድ ስም ባነሣሁ ቁጥር «ግን እኮ» የሚል ነገር እየተከተለ ስለመጣብኝ ቆጠራውን ተውኩት።

ሥራዬ የተማሪዎች አማካሪነት ነበር። ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ውጤቱ ያሽቆለቆለ፣ ዲፓርትመንት መምረጥ ያቃተው፣ ከቤተሰብ ተጣልቶ «ትምህርቱን ልተወው» ያለ፣ ተመርቆም የሥራ ማመልከቻ መጻፍ የጨነቀው ሁሉ የሚላከው እኔ ዘንድ ነው። ሰፈር ውስጥ «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ሲሉኝ «እመክራለሁ» እላለሁ። «ለዚህም ደመወዝ አለው?» ይሉኛል። አለው፤ የሚያስቀና አይደለም እንጂ።

እኔ ራሴ ወደዚህ ሥራ ስገባ የመከረኝ ሰው አልነበረም። የግል ኮሌጆች እንደ አሸን በፈሉበት ዘመን ሬጅስትራር ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ኮሌጁ ያኔ የተከራየው ቪላ ቤት ነበር። ሳሎኑ መማሪያ ክፍል፣ ወጥ ቤቱ ሬጅስትራር ሆኖ እኔ የተቀመጥኩት የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ነው። ተማሪ ውጤቱን የሚቀበለው በእኔ መስኮት ስለሆነ የሚያለቅስ ሁሉ እኔ ጋ ያለቅሳል። ሶፍት እሰጣለሁ፤ «አይዞህ፣ አይዞሽ» እላለሁ። የኮሌጁ ባለቤት ይህን አይቶ «አንቺ ጋ የሚያለቅሱት ለምንድን ነው?» አለኝ። «መስኮቱ እኔ ጋ ስለሆነ ነዋ» አልኩት። እሱ ግን ተሰጥኦ መሰለው። በሳምንቱ ወደ ጋሽ መኮንን ቢሮ አዛወረኝ።

ጋሽ መኮንን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረጅም ዘመን የተማሪ ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠር ዩኒት ሊደር ሆነው የሠሩ፣ ቀጭን፣ ሐምሌም ሆነ ጥቅምት ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከእሳቸው ነው፤ ያልተማርኩትንም እንደዚያው። ተማሪ ሲገባ ከጠረጴዛቸው ይነሡና በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከተማሪው ጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱም ግድግዳውን ያያሉ። «ፊት ለፊት የሚቀመጥ መርማሪ ነው» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ዝም ነው። እኔ ያ ዝምታ ያሳብደኝ ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ መሀል ገብቼ «ንገራቸው እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብዬ በዓይናቸው ገሥፀውኛል።

ሌላው ልማዳቸው እርሳስና ግማሽ ሉክ ወረቀት ነው። እኔ ለተማሪ የጥናት ፕሮግራም ማውጣት እወድ ነበር፤ ሰኞ ሒሳብ፣ ማክሰኞ እንግሊዝኛ እያልኩ በማስመሪያ አሰምርለታለሁ። ጋሽ መኮንን ያን አይወዱም። ተማሪው ያለፈውን ሳምንት እንዲጽፍ ያደርጉታል፤ በየሰዓቱ የት እንደነበረና ምን ሲሠራ እንደዋለ። «የሚመጣውን ሳምንት ሁሉም ያሳምረዋል፤ አልማዝ፣ ያለፈውን ነው ማየት» ይሉኛል። እውነትም ወረቀቱ ላይ የማናውቀው ሰው ብቅ ይላል። ሰነፍ ብለን የፈረጅነው ልጅ ከሰዓት በኋላ ቄራ ብረታ ብረት ቤት ሲበይድ ይውላል። ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋዋ ልጅ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ውሃ ትቀዳለች፤ የቧንቧው ውሃ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ብቻ ነዋ። ይህን ሳያውቁ «በርቺ» ማለት ምን ይጠቅማል?

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ይህን ነገር የፈለገው ማነው?» ይላሉ። አካውንቲንግ ልማር ያለው፣ ላቋርጥ ያለው፣ አረብ አገር ልሂድ ያለችው፣ ሁሉም ይህን ይጠየቃል። ብዙዎቹ መልስ አልነበራቸውም። እኔም ብጠየቅ አይኖረኝም ነበር።

አሁን ራሔል ስለምትባለው ተማሪዬ ልናገር፤ የምኮራባት እሷ ነበረች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን ትታ ልብስ ስፌት ልትገባ ስትል ይዤ አስቀረኋት። ለቃለ መጠይቅ ስንት ቀን አለማመድኳት፤ እንዴት እንደምትገባ፣ ቦርሳዋን የት እንደምታስቀምጥ፣ «ድክመትሽ ምንድን ነው?» ሲሏት ምን እንደምትል። ባንክ ገባች፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅም ሆነች። ከስንት ዓመት በኋላ ባንክ ቤት አግኝታኝ ቢሮዋ አስገባችኝና ሻይ አዘዘችልኝ። ከዚያ በሩን ዘግታ «ቲቸር፣ ያኔ ባልሰማዎት ኖሮ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። እየሣቀች ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልሣቀም። በተቃራኒው «ተው፣ ንግድ አያዋጣህም፣ ትምህርትህን ጨርስ» ያልኩት ልጅ አቋርጦ ሄዶ ዛሬ ኦሎምፒያ አካባቢ ሁለት ሱቅ አለው። ባየኝ ቁጥር አቅፎ ይስመኛል፤ «የእርስዎ ምክር ነው እዚህ ያደረሰኝ» ይላል። ምክሬን የሰማችው ትጸጸታለች፤ ያልሰማው ያመሰግነኛል። እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ጡረታ የወጣሁት።

በመሀል ኮሌጁ ከቪላው ወጥቶ ሱቆች ከሥሩ ያሉት ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ገባ። ዲኖችም ተፈራረቁ። አንዱ ዲን ፎርም ይወድ ነበር፤ ተማሪ ሲያለቅስ የምንሞላው ቅጽ ሁሉ ነበረው። ሌላው ቢሮዬን ሊቀማኝ ፈልጎ ሳይሳካለት እሱ ራሱ ተነሣ። ይህን ሁሉ ማንም ሠራተኛ ያየዋል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ የሳሙኤል ነገር ነው።

ሳሙኤል የቂርቆስ ልጅ ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞታበት ያሳደገው አባቱ ብቻ ነው፤ አቶ ሽፈራው ይባላሉ፤ ቄራ አንድ ልኳንዳ ቤት ሥጋ ቆራጭ ናቸው። ልጁ ጨዋና መልከ መልካም ነው፤ ትምህርቱም ደህና ነበር። ለምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው ቢሮዬ መጣ። ጋሽ መኮንን የዘመድ ለቅሶ ደርሶባቸው ደብረ ብርሃን ስለሄዱ የነበርኩት ብቻዬን ነው።

«ቲቸር፣ አንድ ኮርስ ወድቄያለሁ» አለኝ። «ኮስት አካውንቲንግ። የተመራቂዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለሁበትም።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

እኛ ዘንድ ያለው ልማድ እንዲህ ነው። ተማሪው ጋዋን የሚወስደው ከምረቃው ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ጋዋኑን ለብሶ ፎቶ ቤት ይሄዳል፣ ፎቶው በትልቁ ይታጠባል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ድግስ ይደገሳል። የመጨረሻው ውጤት ሬጅስትራር ሲደርስ ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቆይቷል። የሳሙኤል አባትማ በትልቁ ባነር አሠርተው «እንኳን ደስ አለህ» ብለው ግቢው በር ላይ ሰቅለውታል። የልኳንዳው ሠራተኞች ለድግሱ ሥጋ አዋጥተዋል።

«ለአባቴ ልነግረው አልችልም። በቃ፣ አልችልም።»

«ይቆጣሃል?»

«ቢቆጣማ ጥሩ ነበር። ዝም ነው የሚለው። ማለቴ፣ ያለቅሳል መሰለኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግማሽ ሉክ ወረቀት መስጠት ነበረብኝ። እኔ ግን ያንን ባነር በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። አባትየው ባነሩን በመንደሩ ሰው ፊት ሲያወርዱ ታየኝ።

በምረቃው ዕለት የእኔ ሥራ ተመራቂዎቹን ማሰለፍና ስማቸው የተጻፈበትን ካርድ በተራ ለመድረክ መሪው ማቀበል ነው። መድረክ ላይ የሚሰጠው ደግሞ እውነተኛው ዲፕሎማ አይደለም፤ በጥብጣብ የታሰረ ጥቅል ነጭ ወረቀት ነው። ዋናውን ተማሪው በኋላ ከሬጅስትራር ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ካርድ ብጨምር ማን ያውቃል?

«ጋዋኑን ልበስ» አልኩት። «ክረምቱን ኮርሱን ትወስዳለህ፤ መስከረም ላይ ዋናውን ትይዛለህ። በመሀል የሚጎዳ ሰው የለም።»

ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እኔም ያን ማታ መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ።

ስሙ ተጠራ፤ ወጣ፤ ጨበጠ፤ ጥቅሉን ተቀበለ። ከአዳራሹ ወደ ኋላ አንድ ሰውዬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ብድግ አሉ። አባትየው መሆናቸውን በመልካቸው ለየሁ። አላጨበጨቡም፤ የመጨረሻው ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ እንደቆሙ ቀሩ። ደስታው አቅላቸውን ያሳታቸው መስሎኝ ነበር።

ክረምት ገባ። ሳሙኤል አልተመዘገበም። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፤ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ቤታቸው ስልክ ብደውል አባትየው አነሡት።

«ሥራ ገብቷል እኮ» አሉኝ። «አንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ዕድሜ ልኬን ሰው ስመክር ኖሬ ከአፌ ከወጣው ቃል ሁሉ የማፍርበት ይህ ነው።

ከዚያ በአንዱ ጠዋት በታክሲ ሳልፍ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አየሁት። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጉልበቱ ላይ ፋይል አለ። «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሯጮቹ ከፊታችን ይመላለሳሉ። ይህን ጊዜ ዝም ማለቱ አልከበደኝም።

«ቲቸር፣ እኔ ሰፈር ውስጥ የተመረቅሁ ሰው ነኝ» አለኝ ቆይቶ። «ደብተር ይዤ እንዴት ወደ ክፍል ልመለስ? የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ሁለተኛ ዓመት ናት። ያየችኝ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወድቄ ቢሆን ኖሮ የወደቀ ሰው ደግሞ ይማራል። የተመረቀ ሰው ግን ምን ብሎ ይማራል?»

ያኔ ገባኝ። ያለበስኩት ጋዋን የኮሌጁን በር ዘግቶበታል። በርቀት እንዲማር፣ ሌላ ኮሌጅ እንዲዛወር፣ ማታ ማታ እንዲገባ ያልለመንኩት ልመና የለም። «እሺ» ይላል፤ አይመጣም። ለጋሽ መኮንን የነገርኳቸው በዚያ ሰሞን ነው። እርሳስ እየቀረጹ ሰሙኝ።

«ለማን ብለሽ ነው ያደረግሽው?» አሉኝ።

«ለአባቱ ብዬ።»

«አባቱ ለምነውሽ ነበር?»

ወደ እርሳሳቸው ተመለሱ። በዓመቱ እሳቸውም ሥራ ተዉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። እኔ በእሳቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተማሪ እያስቀመጥኩ ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ምክር በሰጠሁ ቁጥር «አባቱ ለምነውሽ ነበር?» የሚለው ይመጣብኛል። ሳሙኤል ካዛንቺስ የቤት ደላላ ሆነ ሲሉ ሰማሁ። ጥሩ ደላላ ነው አሉ፤ ሰው አያጭበረብርም። ታዲያ ይህ ውድቀት ነው ወይስ ምንድን ነው? ከራሔል ይልቅ በሥራው ደስተኛ ቢሆንስ? ለራሴ መልስ ፍለጋ ስንት ዓመት ዞርኩ፤ መንገዱ ሁሉ ያው ወደ ጥያቄው ይመልሰኛል።

የከተማው ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው ጡረታ የወጣሁት። በዚያው ዓመት ለልጅ ልጄ ክርስትና ሥጋ ልገዛ ቄራ ሄድኩ። ልኳንዳው ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ትኩር ብለው አዩኝና ተነሡ። አቶ ሽፈራው ነበሩ። መቁረጡን ትተውታል፤ ባለቤቱ አክብሮ አስቀምጧቸዋል። ወደ ውጭ ይዘውኝ ወጡ።

«እርስዎን ስፈልግ ነበር» አሉኝ። «ያን የምረቃ ቀን በር ላይ የተመራቂዎቹን ዝርዝር አደሉን። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት፤ ልጄ የለም። ደግሜ ሄድኩበት፤ የለም። ልወጣ ብድግ ስል ስሙ በማይክ ተጠራ። ካርዱን ያቀበሉት እርስዎ ነዎት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። አንድ ነገር ቢያውቁ ነው አልኩ። እኔ አፌን ብከፍት ልጄም ያፍራል፣ እርስዎም ያፍራሉ። ደላላ መሆኑንም አውቃለሁ። ሰው ነገር አይደብቅም።»

እንግዲህ እኔ ለአባትየው ብዬ ዋሸሁ፤ አባትየው ለእኔ ብለው ዝም አሉ፤ ልጁ ለሁለታችን ብሎ ዕድሜውን በላ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሦስታችንንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ከላይ ተቀምጦብናል።

«አሁን ምን ላግዝዎት?»

«ሕይወት የምትባል የሚወዳት ልጅ አለችው። ከተዋወቁ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ሽማግሌ እንላክ ስለው አንገቱን ይደፋል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። የልጅቷ ቤተሰቦች ‹ሥራው ምንድን ነው? ትምህርቱስ?› ብለው ይጠይቃሉ። የምመልሰው እኔ ነኝ። ‹አባቴን በሰው ፊት አላስዋሸውም› ብሎ ነው የሚሸሸው። ልጅቷ ደግሞ ሰልችቷታል፤ እስከ ፋሲካ ካልሆነ ሌላ መንገድ አለኝ ብላዋለች፤ ጓደኛው ነው የነገረኝ።»

«ማወቅዎን ይንገሩታ።»

«ስንቴ ጀመርኩት! ‹ሳሚ› እለዋለሁ። ‹አቤት አባባ› ይላል። ‹ውሃ አቀብለኝ› እላለሁ። አልቻልኩም። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

በማግሥቱ ካዛንቺስ ደላሎቹ የሚሰበሰቡበት ካፌ ሄድኩ። ሳሙኤል ጠጉሩ ሸሽቷል፤ ሸሚዙ ግን እንደ ድሮው ነጭና የተተኮሰ ነው። ቤት ፈልጌ የመጣሁ መስሎት «የኪራይ ነው የሽያጭ?» አለኝ። ማኪያቶ አዘዘልኝ። ከጎኑ ተቀመጥኩና አንድም ቃል ሳልጨምር ነገርኩት፤ አባትህ ያውቃል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያውቃል፤ ሥራህንም ያውቃል።

የሸሚዙን እጅጌ ይዞ ያየው ጀመር።

«ሸሚዜን እኮ የሚተኩሰው እሱ ነው» አለ። «ጠዋት ከእኔ በፊት ተነሥቶ። ‹የቢሮ ሰው ነህ› ይለኛል። እዚህ ደላሎቹ ‹ሥራ አስኪያጁ› እያሉ ይስቁብኛል። አውቆ ነው እንዴ ሲተኩስልኝ የኖረው?»

«አውቆ ነው።»

«እርስዎ ያኔ እምቢ ቢሉኝ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። «አይ፣ እኔ ነኝ የለመንኩት።»

«አንተ አልለመንከኝም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ይቅር በለኝ» አልኩት። ይህን ቃል ለማውጣት ይህን ሁሉ ዓመት መፍጀቱ ራሱ አሳፈረኝ።

ይቅር ማለቱን አልነገረኝም። ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

«ቲቸር» አለኝ በመጨረሻ፣ «ታዲያ ነገ ጠዋት ምን ብዬ ነው ከቤት የምወጣው?»

ታክሲ ድረስ ሸኘኝና ተለያየን።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ስልኬ ጮኸ። አቶ ሽፈራው ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«ሳሚ ዛሬ ከቤት አልወጣም» አሉኝ። «ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይቆርሳል። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ስልክ ልደውል ብዬ ነው በረንዳ የወጣሁት። ምን ልበለው?»

«እኔም አላውቅም፣ አቶ ሽፈራው» አልኳቸው። «ይግቡና አብረውት ይብሉ።»